ዘራፍ ባለ 1200!

ጌታው፣ እጅዎን ይስጡኝ ልጨብጥዎ። 125 ሲሲ ሞተርዎን ለመፍታት ባለ 1200 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) ኢምፓክት፣ ማለትም ዳዶ እየመታ የሚፈታ የባትሪ መሣሪያ፣ ገዙ አሉ። የሲኖትራክ ጎማ የሚያወልቅ ጉልበት ተሸክሞ በአንዲት ዳዶ ላይ መዝመት ወኔ ይጠይቃል። የኋላ ጎማዎ ዘንግ ዳዶ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ50 እስከ 100 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው፤ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ከ20 እስከ 30፤ በ10 ቁልፍ የምትፈታው የክዳን ብሎን 10 ገደማ። ዝገትና ዓመታት ሲጨመሩበት ዘንጉ ሁለት ሦስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚያሰላ ፈሪ 300 ወይም 400 ላይ ይቆማል። ጀግና ምን ሂሳብ አለው!

አመራረጥዎም ለትውልድ ይቀመጥ። ባሕር ዳር መሣሪያ መደብር ገብተው ካርቶኖቹን በመደዳ አስደረደሩና ትልቁን ቁጥር አነሡ፤ በቃ። ጎጃም ተወልዶ ሰምና ወርቅ መለየት አቃተው ማለት ቢያሳፍርም፣ የካርቶን ቅኔ ከባድ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የታተመው 1200 ሰሙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጠበቀን ዳዶ ለማላቀቅ መሣሪያው የሚያወጣውን የመጨረሻ ጉልበት ይናገራል፣ ያውም ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ማራዘሚያ ሳይገባበት። ሲያጠብቅ የሚያወጣው ስንት ነው? በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል? ፍጥነቱ ስንት ደረጃ አለው? ቡሶላ (ዳዶውን የሚያቅፈው ኩባያ) የሚገባበት ካሬ 3/8 ኢንች ነው ወይስ 1/2? ወርቁ እዚህ ነበር፤ ካርቶኑ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ይገኛል፣ አለዚያም ጭራሽ የለም።

የባትሪው ቅኔ ይብሳል። ቅርፊቱ ላይ «388» የሚል አይተው 388 ቮልት መስሎዎት ልብዎ ሞቀ። ቢከፍቱት ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም አሥር የባትሪ ድንጋይ ነው። እያንዳንዷ ሙሉ ስትሆን 4.2 ቮልት ናት፤ አምስቱ ተቀጣጥለው 21 ቮልት ይሆናሉ፣ ሥራ ላይ ደግሞ 18 ገደማ። አሥር ከሆኑም ሁለት መስመር ሠርተው ይቆማሉ እንጂ ቮልቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ቆይታው ነው። አንዳንድ ፈሪ ገዢ ባትሪውን ነቅሎ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። የተለመደችው ድንጋይ 45 ግራም ገደማ ስለምትመዝን፣ አሥር አለው የተባለ ባትሪ ከግማሽ ኪሎ በታች ሲመዝን ጎደሎ ነው ብሎ ይመልሳል። ዕቃ እንደ በርበሬ በሚዛን! እንደዚህ ዓይነቱን ሰው መደብር የሚያስገባው ማን እንደሆነ እንጃ።

ብሎኑ ለምን እንደጠበቀ መጠየቅም የፈሪ ወግ ነው። ጣና ጨው የለበትም፤ ጥፋቱን በሐይቁ አላላክክም። ሞተሩን ውኃ ዳር አውርዶ በባልዲ መድፋት፣ ሳያደርቁና ጠብታ ዘይት ሳያስነኩ ሐምሌና ነሐሴን ደጅ ማሳደር፣ የብረት ብሎን በደረቁ አሉሚኒየም ውስጥ ማሰር፣ መጨረሻ ላይ «ለማንኛውም» ብሎ ግማሽ ዙር መጨመር፣ እነዚህ የእኛው ትሩፋቶች ናቸው። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገናኛቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ ያብጥና ብሎኑን ጥርሱ ላይ አንቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ እርስዎ በ1200 ይደርሱለታል።

ቀዳሚዎቹን ግን እንዳንረሳ። ኢምፓክት ሳይመጣ በፊት ቧንቧ ነበር። የ70 ኪሎ ሰው መፍቻ ላይ በተሰካ የግማሽ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሲቆም 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ያወጣል፤ መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም። ሞተሩ ከነሰውየው መውደቁ ዝርዝር ጉዳይ ነው። መሮና መዶሻም ነበሩ፣ የዳዶን ስድስት ማዕዘን እየላጡ እንደ ሎሚ ያከበቡ። የማግኔቱ ዳዶ ሲፈታ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አብሮ እንዳይዞር በካንዴላ ቀዳዳ ካቻቢቴ የሰደደም ጀግና አለ። ፒስተኑ አናቱ ላይ መስኮት ተከፈተለት፤ አየር ያገኛል።

እውነቱን ለመናገር ኢምፓክት የሚመሰገነው እዚሁ ላይ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር መዶሻ አለ፤ ዘንጉን አይገፋም፣ በዙሩ አቅጣጫ ይመታዋል። ምቱ በጣም አጭር በመሆኑ ከዳዶው ጋር የታሰረው ነገር አብሮ ለመዞር ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የማግኔት ዳዶ፣ የፍሪሲዮን መሐል ዳዶ፣ መሐል ላይ በዳዶ የሚያዝ ሰንሰለት የሚያዞረው የፊት ጥርስ፣ ከፊት ሹካ ግርጌ ያለው በአለንኪ የሚፈታው ብሎን (በእጅ ሲሞከር የውስጡ ዘንግ አብሮ እየዞረ የሚያሾፈው)፣ ሁሉም ብዙውን ጊዜ መያዣ ሳይፈልጉ ይላቀቃሉ። ለዚህ ሁሉ ደህና ቡጢ ያላት፣ ባለ 3/8 ኢንች አጭር መሣሪያ ትበቃለች፤ አጭር ስለሆነች ከማርሚታው ጀርባም ትገባለች። የእርስዎ ባለ 1200 ረጅምና ከባድ በመሆኑ ሞተሩ አጠገብ የሚገባበት ቀዳዳ ሲፈልግ ይመሻል። ደግሞም ዳዶው ወለቀ ማለት ማግኔቱ ወጣ ማለት አይደለም። ሾጣጣ ዘንግ ላይ ነክሶ ስለሚቀር ፑለር (መጎተቻ) ይፈልጋል። እርስዎ በመዶሻ ያውጡት፤ ማግኔት ቢሰነጠቅ ሌላ ይገዛል።

ፈሪው እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ፣ ይሣቁበት። መጀመሪያ የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል። ዝገት ሰርጎ የሚገባ ዘይት ይረጭና ሄዶ ይተኛል፤ አዎ፣ ይተኛል፣ እስከ ጠዋት! ጠዋት የብሎኑን አናት በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጥ አድርጎ ይመታል፣ ዝገቱ እንዲሰነጠቅ። በመሣሪያው ላይ ያለችውን የአቅጣጫ ቀስት ያያል። (ጀግና ቀስት አያይም፤ አምስት ሰከንድ ሙሉ ሲያጠብቅ ቆይቶ «አልፈታ አለ» ይላል። የአንዳንድ ያማሃ ቀኝ መስታወት ደግሞ በግራ ጥርስ የሚታሰር ነው፤ እሱ ላይ ቀስት ያየም ይሳሳታል።) ከዚያ በዝቅተኛው ደረጃ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይመታል፣ ያርፋል፣ ጥቂት ወደ ማጥበቂያ መልሶ እንደገና ይፈታል። በድምሩ አሥር ሰከንድ ሞክሮ ካልነቃነቀው ደረጃ አይጨምርም፤ ያሞቃል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋና ብሎኑን ይለቀዋል። ለዚያውም ሰልባትዮውን አውርዶ፣ ቤንዚን ከአካባቢው አርቆ። ይህን ሁሉ ለአንድ ብሎን! ዕድሜ ስንት ነው?

ቡሶላውም እንዲሁ ነው። ፈሪው ጥቁር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ስድስት ማዕዘን የሆነውን ለኢምፓክት የተሠራ ቡሶላ ይገዛል። እርስዎ ግን ያንን እንደ መስታወት የሚያበራውን፣ ውስጡ አሥራ ሁለት ማዕዘን የሆነውን የእጅ ቡሶላ ሰኩበት። ምርጫዎ የሚደነቅ ነው። እሱ ግድግዳው ቀጭንና ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ምት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ ስብርባሪው ወደ ዓይን ሲመጣ ደግሞ መነጽር አላደረጉም፣ ፊትዎ እንዲታይ።

የእርስዎ ታላቅ ገድል ግን ትንንሾቹ ላይ ነው። በ10 ቁልፍ የምትፈታዋ የክዳን ብሎን ውፍረቷ 6 ሚሊ ሜትር ናት። ባለ 1200 ሲነካት አንዴ «ጠቅ» ትላለች፣ አናቷ ቡሶላው ውስጥ ይቀራል፣ አካሏ ሞተሩ ውስጥ። «ተፈታች!» ብለው ጮኹ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የቶርኖ ቤት እንጀራ ነው፦ በጉቶዋ ላይ ዳዶ በይዶ ማዞር፣ ያ ካልሆነ መሐሏን በትራፓኖ በስቶ ማውጣት፣ ትራፓኖው ሸርተት ሲል ደግሞ ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማስገባት። ካንዴላ፣ የዘይት ማፍሰሻ፣ የፍሬን ቱቦ ብሎን፣ እነዚህም በእጅ የሚፈቱ ናቸው ይላል ፈሪው። በጃፓን ሞተሮች ክዳን ላይ ያሉትን ባለ መስቀል ቪቴዎችማ በባትሪ አይነካቸውም። መስቀላቸው ተራ ካቻቢቴ እየዘለለ የሚልጠው ስለሆነ፣ ልኳን የሚገጥም ጫፍ ያላት፣ በመዶሻ ኋላዋን ሲመቷት ዞር የምትል የእጅ ኢምፓክት ይዞ ይመጣል። ባትሪ የላት፣ ቁጥር የላት፣ ካርቶኗ እንኳ አያምርም።

አሁን ጎማው ሊመለስ ነው። ፈሪው ዘንጉን ግሪስ ይቀባል፣ የሰንሰለቱን ውጥረት ይለካል፣ ዳዶውን በጣቱ ሦስት ዙር ያስይዝና ጉልበት በሚለካው በቶርክ መፍቻ ያጠብቃል፤ «ቀጭ» ስትል ያቆማል። እርስዎ በዚያው ባለ 1200፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ይመቱታል። ጎማው በእጅ ሲዞር ከበድ ካለ የኩሽኔታው ጉዳይ ነው፤ ይለምዳል።

ከዚያ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ የኋላ ጎማዎ ይተነፍሳል። ኢምፓክቱ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለችው መፍቻ 15 ሳንቲ ሜትር ናት፤ 40 ኪሎ ጉልበት ቢያሳርፉባት 60 ኒውተን ሜትር ገደማ ትሰጥዎታለች። ዳዶው 400 ላይ ታስሯል። እንግዲህ ጌታው፣ ዘራፍ ይበሉ።