«የበጋ ሽቶ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ከአንድ ሳምንት በፊት ሽቶ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ፈገግታው የማይነጥፍ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ለበጋ ነው ለክረምት?» አለኝ። ወሩ ሚያዝያ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ሱቁ በር ላይ ስደርስ ሹራቡን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ስወጣ ደግሞ ጃንጥላ ዘርግቼ ነው የሄድኩት። የትኛውን ልበለው?

«ለአዲስ አበባ» አልኩት።

ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ከዚያም ሁለት ረድፍ አሳየኝ። በቀኝ በኩል ሰማያዊና ነጭ ጠርሙሶች፣ በግራ በኩል ጥቁርና ወርቃማ። «እህቴ፣ እነዚህ የበጋ ናቸው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ የባሕር ነፋስ የሚሸቱ። እነዚያ ደግሞ የክረምት ናቸው፤ ቫኒላ፣ ዕጣን፣ ዑድ የሚባለው መዓዛማ እንጨት፣ ቆዳ።» እኔም ነገር ፍለጋ «በሐምሌስ የትኛውን ነው የምቀባው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሐምሌ ሙቀት ስለሆነ ከሰማያዊዎቹ» አለኝ።

ሐምሌ ሙቀት! ይህ ልጅ እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጭቃ ሲያቦካ የከረመ ልጅ፣ ባንኮኒ ጀርባ ሲቆም ሐምሌው የፓሪስ ሐምሌ ሆነበት።

ልጁን አልወቅሰውም። የተነገረውን ነው የሚናገረው። ነጋሪዎቹ ናቸው ያንገሸገሹኝ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ስለ ወቅት ይሰብከኛል፤ ይህንን በበረዶ ጊዜ፣ ያንን በባሕር ዳርቻ። እኔ በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ነው፣ ለሩብ ሰዓት። የውጪውን ምክር ቃል በቃል ወደ አማርኛ የሚገለብጡት የእኛዎቹ ደግሞ ብሰዋል። አንዱ በመስከረም መጨረሻ «ለመጸው የሚሆኑ ሽቶዎች» ብሎ ጻፈ። ቅጠል ሲረግፍ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ቀረፋና ትንባሆ የሚሸት ሽቶ ይመረጣል ይላል። ወንድሜ፣ የምን ቅጠል ነው የሚረግፈው? የእኛ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ነው፤ ወርኃ ጽጌ፣ የአበባው ወር፣ በእርሱ ውስጥ ነው። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ፣ እሸት ደርሶ፣ አንተ ግን የሰው አገር ቅጠል ታረግፍብናለህ።

«በጋ» ማለት ሙቀት ማለት ነው ያለውስ ማን ነው? የአዲስ አበባ ሌሊት አጥንት የሚሰብረው በዝናቡ ወር ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ አንዲት ደመና በማይታይበት ጊዜ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለቀልድ አይደለም። በእነዚያ ወራት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ስጠብቅ ከአፌ ጭስ ይወጣል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ፀሐይ አናቴን ይበሳዋል። ሐምሌ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፣ ሌሊቱ ግን ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነን የታኅሣሥን ያህል አይከፋም። እንግዲህ በታኅሣሥ ለጠዋቱ የ«ክረምት» ሽቶ፣ ለእኩለ ቀኑ የ«በጋ» ሽቶ፣ ለማታው እንደገና የ«ክረምት» ሽቶ ልቀባ? ሦስቱ ተደራርበው ምን እንደሚሸቱ የሚያውቅ የሠርግ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ የሄደ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይታገሠኝ። ሽቶ ማለት በአልኮል የተበረዘ የመዓዛ ዘይት ነው። ኮሎኝ የሚባለው ቀላሉ ዓይነት ከመቶ 2 እስከ 5 እጅ ያህል ዘይት ሲኖረው፣ ጠንከር ያለው ኦ ደ ፓርፋም 15 እና 20 በመቶ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚበረው ሎሚውና ብርቱካኑ ነው፤ ቀጥሎ አበባው ይመጣል፤ እንጨቱ፣ ሙጫውና ቫኒላው መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሙቀት ሁሉንም ያፋጥነዋል፤ ብርድ ያንቀላፋዋል። የወቅት ምክሩ መነሻ ይህ ነው፤ መነሻው እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንኖረው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ቆዳችን አመድ ይመስላል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶ አይዝም። ያ «ለበጋ የሚሆን» የሎሚ ሽቶ ለማን ነው የሚቆየው? አራት ኪሎ ተቀብቼው ሜክሲኮ ስደርስ የለም። የደመወዜን ሩብ የከፈልኩበት ነገር ስታዲየም አካባቢ ወርዶ ቀርቷል። (ቫዝሊን አስቀድሞ መቀባት ጥቂት ይረዳል። እንዲህ ያለውን የሚጠቅም ነገር ግን ጠርሙስ ይዞ የሚሰብክ ሰው አይነግራችሁም።)

የእኔ ትልቁ ውርደት ግን በሎሚ አልመጣም። በዑድ ነው የመጣው።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ነው የምትኖረው። መንገደኛ ባገኘች ቁጥር ሽቶ ትልክልኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። አምና በግንቦት ለሥራ ስብሰባ ወደ ድሬዳዋ ልሄድ ስነሣ፣ የላከችውን ጥቁር ጠርሙስ ከፈትኩት። ሌሊቱ ገና አልነጋም፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ እጄ ደንዝዟል። አንገቴ ላይ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ሽታው አልመጣልኝም። ሁለት ጨመርኩ። አሁንም ድምፁ የለም። «የዘንድሮው ደግሞ ውኃ የተቀላቀለበት ነው» ብዬ አጉረምርሜ ነጠላዬ ላይ ሁለት ደገምኩ። ስድስት።

ድሬዳዋ አውሮፕላኑ በር ሲከፈት ያ እንቅልፋም ሽቶ ነቃ። ከ2,400 ሜትር ወደ 1,200 ሜትር ግድም በአንድ ሰዓት ወርጄ፣ ከሹራብ አየር ወደ ሽርጥ አየር ገብቼ፣ ዑዱ ከአንገቴ ተነሥቶ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል። የባጃጁ ሾፌር ገና ሳልቀመጥ ዞር ብሎ አየኝና፣ በዚያ እርስዎ አንቱ በማያውቅ የድሬ አንደበት «ሠርግ ነው የመጣሽው?» አለኝ። አይደለም፣ የበጀት ስብሰባ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ጣሪያው ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይዞራል። እንዲህ ያለ የጭካኔ መሣሪያ አይቼ አላውቅም። ሽታዬን ከእኔ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ወንበሮች ይወስደዋል፣ ያዞረዋል፣ መልሶ ያመጣልኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለትንሽ ጊዜ ታገሠች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አነሣችና «እዚያ ማዶ የማውቃት ልጅ አለች» ብላ ሄደች። ከኋላ አንድ ሰው አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። አንድ ጨዋ ሽማግሌ ማንንም ሳያዩ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት፤ ሲመለሱም ማንንም አላዩም። ያ ማንንም አለማየታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። በሻይ ሰዓት መታጠቢያ ቤት ገብቼ አንገቴን በእጅ ሳሙና ፈተግሁት። ዑድ በሳሙና አይወጣም። አሁን ዑድና የሎሚ ሳሙና ሆንኩ። ነጠላዬን ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን ቋጠርኩት፤ በፌስታሉ አልፎ ሸተተ።

ማታ ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ሳቋ አልቆም አላት። «የክረምት ሽቶ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ተቆጣሁ። «የምን ክረምት? እዚህ ሰው 40 ዲግሪ ላይ ዑድ ይቀባል እኮ። አንቺ ስድስት ጊዜ ረጭተሽ ነው!» አለችኝ። እርሷ ባለችበት ምድር ዑድ የሚባለው ነገር በሙቀት አገር፣ በሙቀት ሰዎች፣ በጠብታ የሚቀባ ነው። «ለብርድ ብቻ» የሚለው ሕግ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም ሳላውቅ ስብሰባውን በጭስ አፈንኩት። ስድስቱ ጥፋት የእኔ ነው፤ እቀበላለሁ።

ዕጣን ላይ ስደርስ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ሻጩ ልጅ ከግራው ረድፍ አንዱን አንሥቶ «ይህ ዕጣን አለበት፣ ለብርድ ጊዜ ነው» አለኝ። ዕጣን! ለእኔ! የዕጣን ዛፍ የሚበቅለው የት ሆነና? መተማ፣ ቋራ፣ ሁመራ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ፣ ድንጋዩ በሚግልበት። ሙጫው ከዚያ እሳት ምድር ተፍቆ፣ በጆንያ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጥቁር ጠርሙስ ገብቶ ሲመለስ «የብርድ ሽታ» ሆነ። ዝባዱም እንዲሁ። ስንት ዘመን ከጅማና ከከፋ በቀንድ እየታሸገ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች የሄደው የጥርኝ ዝባድ፣ ዛሬ በብዛት በፋብሪካ ቅመም ተተክቷል፤ ያም ሆኖ ሙቅ፣ የእንስሳ ጠረን ያለው ሽቶ ሁሉ «የክረምት» ይባልልኛል። እኛ ቤት ዕጣን ወር አይጠይቅም። ቡና ሲፈላ ይጨሳል። ሚያዝያም ቢሆን፣ ላባችን ቢንቆረቆርም፣ ይጨሳል።

ስለ ሽቶና ስለ አየር ከዚያ ሁሉ የቪዲዮ ሰባኪ ይልቅ የተሻለ ያወቀችው እናቴ ናት፤ እኔም ለዓመታት የሳቅሁባት እኔው ነኝ። ልጅ ሆኜ ሽቶ ተቀብቼ ልወጣ ስል «ፀሐይ ላይ ነው የምትሄጂው? ምች ይመታሻል!» ትለኝ ነበር። ዳማከሴ ከአጥሩ ሥር አይጠፋም። «እማዬ፣ ሽቶና ምች ምን አገናኛቸው?» እያልኩ እወጣለሁ። በኋላ ካደግሁ ነው ያነበብኩት፤ በርጋሞት የሚባል፣ የጣሊያን ደቡብ በሆነችው ካላብሪያ የሚበቅል የሎሚ ዘመድ አለ። የብዙ ቀላል ሽቶዎች መክፈቻ እርሱ ነው። በልጣጩ ዘይት ውስጥ በርጋፕቴን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ወርዶ በፈሰሰበት መንገድ ልክ ጥቁር ምልክት ጥሎ ያልፋል። ዛሬ ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው ንጥረ ነገሩ የወጣለትን ዘይት ይጠቀማሉ። የድሮው ኮሎኝ ግን እንዲህ አልነበረም። እናቴ ምች ትበለው እንጂ «ሽቶና ፀሐይ አይስማሙም» ማለቷ እውነት ነበር። ይህን ስነግራት «አሁን ገና ነው የገባሽ?» ብላኝ ወደ ወጧ ተመለሰች።

እኔ የምለው፣ እኛ አየርን በወር ብቻ ለክተን አናውቅም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን በከፍታ ነው የከፈልነው። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስትወርድ አንድ ሰዓት ግድም ነው፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይወርዳል። ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጣ ደግሞ ያወለቅኸውን መልሰህ ትለብሳለህ። ወሩ ያው ወር ነው። ታዲያ ሱቅ ስንገባ «ወዴት ነው የምትሄጂው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሻጭ እንዴት ይጠፋል? መደርደሪያው ላይ «ለቆላ በጠብታ» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ፣ «ለደጋ ጠዋት፣ ሹራብ ላይ» ቢባል ምን ይጎድላል? «ሐምሌ፣ መስኮት በተዘጋ ሚኒባስ፣ እርጥብ ካፖርት መሐል፣ እባክህ ምንም አትቀባ» የሚል ደግሞ በትልቁ ቢጻፍልኝ ወረቀቱን እኔ እገዛለሁ። እርጥብ ሱፍና ቫኒላ ሲዋሃዱ የሚሰጡትን ሽታ ለጠላቴም አልመኝም፤ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል ተሳፋሪ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

ለማንኛውም ያን ዕለት ተሸንፌ ወጣሁ። ልጁ «ሚያዝያ ፀሐይ ነው፣ አሁን ይህችን ይውሰዱ» ብሎ ከሰማያዊዎቹ አንዷን ጠቀለለልኝ፤ ሎሚ፣ ናና፣ የባሕር ነፋስ። ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳየው አንገቴም እጄም ላይ ተቀብቼ፣ ሹራቤን ቤት ትቼ ወጣሁ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ካፌ በረንዳ ጥግ ቆሜ ነው። ቆርቆሮው ላይ በረዶው ይንኳኳል፣ ከጎኔ የተጠለሉት ሰውዬ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሸፍነዋል። የባሕር ነፋሴ ጠፍቷል። የሰውዬው ጋቢ ግን ከጠዋቱ ቡና የቀረ ዕጣን ይሸታል፤ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩ።