ጎጆው ታጥሮ ጫጩቱ ለምን ይሞታል?

የባሕር ዳርቻ ወፎችን ለመጠበቅ የተነሡ ብዙዎች በጎጆው ዙሪያ ችካል ተክለው ሲባጎ ይወጥራሉ፤ እንቁላሉ በተፈለፈለ ማግስት ግን ነቅለው ይሄዳሉ። ትልቁ አደጋ የሚጀምረው ግን ያን ቀን ነው።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውን፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የሚጠበቀውን ፓይፒንግ ፕሎቨር የተባለውን ትንሽ የባሕር ዳርቻ ወፍ እንመልከት። ጎጆው ማዕበል ከማይደርስበት ገላጣ አሸዋ ላይ የተጫረች ትንሽ ጉድጓድ ናት። አራቱ እንቁላሎች ከአሸዋው ስለማይለዩ ሳያዩ መርገጥ ቀላል ነው። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ አራት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ። ሰው ሲቀርብ ይነሣሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ሽሉ በሙቀት ይሞታል። በጎጆው ዙሪያ ቢያንስ 50 ሜትር የሚከለለው ለዚህ ነው፤ ወፏ ከዚያም ርቀት ላይ ከተነሣች ክልሉ ይስፋ።

ቀበሮና ቁራ በበዙበት ጎጆው ላይ የሽቦ ቀፎ ይደፋል። ሆኖም አውሬው ቀፎውን ከለመደ ወላጁ ሲገባ ሲወጣ አድብቶ ይይዘዋል፤ ይህ ከታየ ቀፎው ወዲያው ይነሣ። የጠፋ እንቁላል በዚያው ወቅት ሊተካ ይችላል፣ የሞተ ወላጅ ግን አይተካም።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ጎጆውን ለቀው ይሄዳሉ። ወላጆቻቸው ስለማይመግቧቸው እርጥቡ አሸዋ ድረስ ወርደው ትልና ነፍሳት ራሳቸው ይለቅማሉ። እዚያ መንገድ ላይ መኪና ካለፈ የጎማው ቦይ ወጥመድ ይሆንባቸዋል፦ ጫጩቷ ከገባች መውጣት ያቅታታል፤ አደጋ ሲመጣም ከመሮጥ ይልቅ ባለችበት ድርቅ ብላ ስለምትቀመጥ ሾፌሩ አያያትም። ስለዚህ ከጎጆው እስከ ውሃው ያለው መንገድ ለተሽከርካሪ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ውሻም በዚያ አይለፍ።

ማዕበል የተፋውን የባሕር አረም ዳርቻው እንዲያምር ብሎ በማሽን መጥረግ የጫጩቶቹን ማዕድ ማንሣት ነው፤ የሚበሉት ነፍሳት የሚባዙት በእሱ ሥር ነውና። ፕላስቲኩና የምግብ ትርፍራፊው በእጅ ይለቀም፣ አረሙ ይተው።

ከዳርቻው ለሚተዳደሩ ሰዎች መዘጋቱ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ግን ዳርቻው ሁሉ አይዘጋም፤ ጫጩቶቹን እየተከተለ የሚንቀሳቀስ ክልል ይበቃል። መታቀፉ የሚጀምረው እንቁላሎቹ ሲሟሉ ስለሆነ፣ ከዚያ ቆጥሮ የሚፈለፈሉበትን ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ ይቻላል። ሲባጎው የሚነሣው ጫጩቶቹ ሳያርፉ 15 ሜትር ያህል ሲበሩ ከታዩ ወይም 35 ቀን ከሞላቸው በኋላ ይሁን።