«ጃጀ» ምርመራ አይደለም

አጎቴ ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ግድም ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። (አንቱ አለማለቴን የሌላ አገር አንባቢ እንደ ብልግና እንዳይቆጥርብኝ፤ ድሬ ላይ «አንቱ» ማለት መራቅ ነው።) ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማልዶ ይነሳል፣ ምሳ ዕቃውን ያንጠለጥላል፣ ወደ ለገሃር ይወርዳል። የአሮጌው ጣቢያ ዘበኛ «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ ባጃጅ ላይ ያሳፍረዋል። ያ ባቡር እንደ ድሮው መመላለስ ካቆመ ዓመታት ማለፋቸውን፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ሌላ ጣቢያ እንዳለው ቁጭ አድርገን አስረድተነዋል። «እሺ» ይላል። በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ያነሳል።

ሰፈሩ ፍርዱን ከሰጠ ቆየ፦ «ጃጀ»።

እኔ የተጣላሁት ከዚህ ቃል ጋር ነው። «ጃጀ» ከተባለ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይኖርም፤ ሽበት ለምን መጣ ተብሎ ሐኪም ቤት እንደማይኬድ ሁሉ። ለስኳርና ለደም ግፊት ካርድ ለማውጣት የምንሰለፍ ሰዎች፣ አንጎል ሲታመም ወይ እንስቃለን ወይ ከንፈር መጥጠን እናልፋለን።

ከመርሳት በሽታዎች አንዱ የሆነው አልዛይመር ከእርጅና ጋር አንድ አለመሆኑ ግን ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ላይ የመረመራት ሴት ገና 51 ዓመቷ ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው፤ ከሴሎቹ ውጭ ዝቃጭ ተጋግሯል፣ ሴሎቹ ውስጥ ክር ተጠላልፏል። ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ፣ ክሩ ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚሠራ ኋላ ተደረሰበት።

ታውን ለባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ማስረዳት ቀላል ነው። በነርቭ ሴል ውስጥ ምግብና ሌላ ጭነት የሚመላለስባቸው ቀጫጭን ሐዲዶች አሉ። ታው ከሐዲድ ሥር እንደሚነጠፈው አግዳሚ እንጨት አጥብቆ ይይዛቸዋል። በአልዛይመር ጊዜ ታው ከቦታው ይነቀልና እርስ በርሱ ይተበተባል፤ ሐዲዱ ይፈርሳል፣ ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሴሉ ይሞታል። የሞተው ሲበዛ አንጎል ራሱ ይኮማተራል፣ በመሐሉ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ይሰፋሉ።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ከጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለውን ሂፖካምፐስንና አካባቢውን ነው። አዲስ ነገር ትዝታ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው። የቆየው ትዝታ በአንጎል የላይኛው ንጣፍ ተበትኖ ስለሚቀመጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አጎቴ አሮጌውን ጣቢያ ይዞ አዲሱን የሚረሳው ግትር ሆኖ አይደለም፤ እኛ የነገርነው ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እንደ ብዙ የድሬ ሰው አማርኛውን፣ ሶማልኛውን፣ ከባቡሩ የለቀመውን ፈረንሳይኛ ሲያቀላቅል የኖረ ሰው፣ አሁን አማርኛ ብቻ ለሚያውቁት ልጆቼ በእናቱ ኦሮምኛ ያወራል።

ሐኪም ጋ ዘግይተን ነው የወሰድነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው። የመጀመሪያው «እርጅና ነው» ብሎ ሸኘን። ሁለተኛዋ ግን ደም አስመረመረች፣ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች፣ የሚውጣቸውን ክኒኖች አንድ በአንድ አየች። ምክንያት ነበራት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ድብርት፣ ከመውደቅ በኋላ የራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም አልዛይመር ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን ሕክምና አላቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ነገር የተምታታበት ሽማግሌ ደግሞ፣ በተለይ በኛ ሙቀት፣ ውሃ አጥሮት ወይም ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል። «ጃጀ» እነዚህን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታቸዋል።

የአጎቴ ከነዚህ አንዱም አልሆነም። አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም አለችን፤ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ ዶኔፔዚል የሚባለው ምልክቱን ለጊዜው ሊያቀል እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችን። ከዚያ ወደኔ ዞራ የደም ግፊቴን ጠየቀችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ አንጎል ውስጥ ለውጡ የሚጀምረው መርሳቱ ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሯል፤ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ስኳርና ያልታከመ የመስማት ችግር ከነሱ መካከል ናቸው። ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ይላል። እኔ አርባዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ግፊቴን የለካሁት መቼ እንደነበር ትዝ አላለኝም።

ከአጎቴ ጋር መከራከሩን ትተናል። ባለፈው ሳምንት ዘበኛውን «አቦ፣ ሥራ የለም አትበለው» ብዬ ለመንኩት፤ ያ ቃል ቀኑን ሙሉ ሲያስቆዝመው ይውላል። አሁን «ባቡሩ ዘግይቷል» ይለዋል። የድሮውን ባቡር የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም። ጥላው ሥር ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ ባጃጅ ሲጠራለት ያለ ኩርፊያ ይሳፈራል።