ብቸኝነት «የሀብታም በሽታ» አይደለም

«ብቸኝነትና ድብርት የቅንጦት በሽታ ናቸው፤ ድሃ በሰው ተከቦ ስለሚኖር አያውቃቸውም» ላልከው ወዳጄ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 24 በመቶ ያህሉ ሰው ብቸኝነት ይሰማዋል። በሀብታሞቹ አገሮች 11 በመቶ ገደማ ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ለምን? በሰው መከበብና ሰው ማግኘት ለየቅል ናቸው። ሥራ ያጣ ሰውን አስብ። ጓደኞቹ «እንገናኝ» ሲሉት መጀመሪያ የሚመጣበት «ሂሳቡን ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። ስልኩ ሲጠራ ስክሪኑን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ደዋዩ አበዳሪው ቢሆንስ! ሰርግ ሲጠራ ባዶ እጁን መሄድ ያፍራል፣ ይቀራል። ሁለት ሦስቴ ሲቀር ሰው መጥራቱን ይተወዋል። «ኮራብን» ይሉታል ደግሞ። ሁለት ሥራ የምትሠራዋ እናትም ሰው ጠልታ አይደለም፤ ጊዜ አጥታ ነው።

እርግጥ ገንዘብ ክትባት አይደለም። ያለውም ይደበራል፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን ዕዳ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሥራ የሚፈልግበት አቅም ያጣል። እንዲህ ላለ ሰው «ወጣ ወጣ በል» ብቻ ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ያናድዳል። የጎደለው የትራንስፖርት ሊሆን ይችላላ!

በነገራችን ላይ፣ «የሽማግሌ ችግር ነው» ያልከውም ልክ አይደለም። በዚያው ሪፖርት ብቸኝነት የበረታባቸው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው።