እርማት፦ «ደረጃ 1» ከሁሉም ዝቅተኛው ነው
ውድ የቱሉ ዲምቱ ወላጆች፣ «ደረጃ 1 የተሰጠው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣ ስለሆነ ልጆቻችንን ከደረጃ 3 አውጥተን ወደዚያ እንውሰድ» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በቋንቋችን አንደኛ የሚባለው የሚበልጠው ነው። የትምህርት ቤቶች ጥራት በሚመዘንበት ኢንስፔክሽን ግን ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፦ ከ50 በመቶ በታች ያገኘው ደረጃ 1፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው ደረጃ 4 ይባላል። በዚህ ወሬ ልጁን የሚያዛውር ወላጅ በማለዳ ሁለት ታክሲ እያስያዘ የሚልከው ወደ ዝቅተኛው ነው፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። መልቀቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁ አሁን የሚማርበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን ያሳዩኝ» በሏቸው፤ የመቶኛ ውጤቱንም እዩ። 70 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከ90 በታች ከሆነ ደረጃ 3 ነውና፣ ልጁ ባለበት ቢቆይ እመርጣለሁ።