ሆርሞኑ አልጨመረም ማለት አልታመመችም ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተመራማሪ በስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ዐሥር ቀን ያልሞላቸው የአይጥ ግልገሎች ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ሕመም ማስታገሻ፣ መስጠት ትርፍ ሥራ ነው አሉ። ምክንያታቸው ደማቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን አለመጨመሩ ነው። ካልጨመረ አልተሰማቸውም አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

ይህ ስንፍና እንጂ ሳይንስ አይደለም።

አይጥ ከተወለደች ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ኮርቲኮስቴሮኗ፣ ማለትም ዋናው የጭንቀት ሆርሞኗ፣ በቀላሉ አይነሳም። ዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሆርሞኑን የሚያመነጨው ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢዋ፣ አንጎል ሥር ያለውን የፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ እምብዛም አይሰማም። ዝም ያለው እንግዲህ ዕጢው ነው። ነርቯ ዝም አላለም! እግሯን ሲነኳት ትሰበስባለች፤ እንዲያውም አዋቂ አይጥ ከምትሰበስብበት ባነሰ ንክኪ። ደግሞ ለ24 ሰዓት ከእናቷ ነጥሏትና ለኩ። ያ አይነሳም የተባለው ሆርሞን ይነሳል። ለካ አፍኖት የቆየው የእናቷ መላስና ማጥባት ነው። እናት አጠገብ መኖር አለመኖሯ የሚገለብጠውን ቁጥር በምን ሒሳብ የሕመም መለኪያ እናደርገዋለን?

ሌላም አለ። ምንም ያልቆሰለች አዋቂ አይጥ ሞርፊን ስትወጋ ኮርቲኮስቴሮኗ ይጨምራል። ሰው ላይ ግን ሞርፊን ኮርቲሶልን፣ የሰውን የጭንቀት ሆርሞን፣ ዝቅ ያደርጋል። በተመራማሪው አካሄድ ከሄድን፣ ሕመም ማስታገሻው አይጧን እያሳመማት ነው ልንል ነው። እንዲህ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ሆርሞኑ ሲጨምር የሕመም ማስረጃ ካልሆነ፣ አለመጨመሩ እንዴት የጤንነት ማስረጃ ይሆናል?

ይህን ስህተት በሰው ልጆች ላይም ሠርተነዋል፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ጨቅላ ሕፃናት ሕመም አይሰማቸውም፣ ቢሰማቸውም አያስታውሱትም እየተባለ ስንቶቹ በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ተቀደዱ! በ1987 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ያለጊዜያቸው በተወለዱና የልብ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ሕፃናት ላይ ያገኙትን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ፌንታኒል የተባለው ኦፒዮይድ የተጨመረላቸው ሕፃናት የጭንቀት ሆርሞን ምላሻቸው ዝቅ አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የገጠማቸው ችግርም አነሰ። መድኃኒቱ ያኔ አዲስ አልነበረም። የጎደለው የሐኪሞቹ እምነት ነበር።

ኦፒዮይድ ትንፋሽ ያዳክማል፣ እውነት ነው። ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው፤ ግልገል ደግሞ ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም። እሺ፣ ታዲያ መጠኑን አስተካክሏ! አሙቋት! ውጤት ያበላሽብናል የምትሉም መድኃኒቱን ብቻ የሚያገኝ፣ የማይቀደድ ቡድን ጨምሩ። ጥቂት ተጨማሪ ሥራ ነው። ሥራ ለመቀነስ ብሎ ሕመምን መካድ ግን አይቻልም።

ያንን ተመራማሪ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚቀጥለውን ውጤትዎን ሲያቀርቡ ከኮርቲኮስቴሮኑ ቁጥር አጠገብ የግልገሏን ዕድሜ በቀን ይጻፉ። ከእናቷ የተለየችበትን ሰዓትም ይጨምሩ። ቢላው ሲያርፍባት እግሯን ሰብስባ እንደሆነም አይርሱ።