ባንዳን በነጋዴ ወሬ ማንበብ

መከለሻ ውስጥ የምንጨምረው ገውዝ ድሮ በዓለም ገበያ የሚገኘው ከባንዳ ደሴቶች ብቻ ነበር። ዛሬ ኢንዶኔዢያ ውስጥ ናቸው፣ በጣም ትናንሽ። ስማቸው በእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ያስታውሳል፣ ግን ምንም አይገናኝም።

የነሱን የድሮ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው የሚያገኘው ወረቀት አብዛኛው የባዕድ ነው። አንዱ የቅኝ ገዢ ወሬ ነው ብሎ ይጥለዋል፣ ሌላው እንዳለ ይገለብጠዋል። ሁለቱም ያናድዱኛል።

እ.ኤ.አ. 1621ን እንውሰድ። በእስያ የቅመም ንግድ የያዘው የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዋና አስተዳዳሪ ያን ፒተርስዞን ኩን ደሴቶቹን ወረረ። 15,000 ገደማ ከነበረው ሕዝብ እዚያው የቀረው 1,000 ያህል እንደሆነ ይገመታል። ሌላው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ በባርነት ተጋዘ ወይም ሸሸ። ሰበቡ ደግሞ «ገውዙን ለእኛ ብቻ ለመሸጥ ፈርመው ውል አፈረሱ» የሚል ነበር። የኩባንያውን ወረቀት ብቻ ካነበብክ ታምናለህ።

አሁን መቶ ዓመት ወደ ኋላ። ከ1512 እስከ 1515 ቶሜ ፒሬስ የሚባል ፖርቹጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ማላካ (ዛሬ ማሌዢያ ውስጥ ያለች የንግድ ወደብ ናት) ተቀምጦ ከነጋዴዎች የሚሰማውን ይጽፍ ነበር። ባንዳ ንጉሥ የላትም፣ የሚያስተዳድሯት ሽማግሌዎች ናቸው ይላል። ሰውየው ለባንዳዎች ጥብቅና አልቆመም፣ ሐሳቡ ገበያው ላይ ነው። የማምነውም ለዚህ ነው። ንጉሥ በሌለበት አገር የጥቂት ሽማግሌዎች ፊርማ ሁሉን እንዴት ያስራል? ደግሞ ደሴቶቹ የሚበሉትን ሩዝና ሳጎ (ከዘንባባ ግንድ የሚወጣ ዱቄት ነው) የሚያመጡላቸው ገውዝ ሊገዙ የሚመጡ ጀልባዎች ነበሩ። ለአንድ ገዢ ብቻ ሽጡ ማለት፣ ከጃዋ ደሴት የሚመጣው ነጋዴ ሩዙን ይዞ አይምጣ፣ ጦማችሁን እደሩ ማለት ነው።

ፒሬስም ቢሆን የሚያየው መርከብ ላይ የሚጫነውን ነው። አይ በምትባለው የባንዳ ደሴት ከመሬት የወጣ የሸክላ ስብርባሪ ላይ ግን 3,500 ዓመት ገደማ የሆነው የገውዝ ቅሪት ተገኝቷል። ፈረንጅ ሽታውን ሳያውቅ በፊት ሰዎቹ ራሳቸው ይበሉት ነበር ማለት ነው።

በ1621 ከሸሹት አንዳንዶቹ ከባንዳ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያሉት ኬይ ደሴቶች ገቡ። ዘሮቻቸው ባንዳ ኤሊና ባንዳ ኤላት በሚባሉ መንደሮች እስከ ዛሬ አሉ። ባንዳ ላይ የጠፋውን ቋንቋ የሚናገሩት፣ የአያቶቻቸውንም ጉዞ በዘፈን የሚተርኩት እነሱ ናቸው። ከሊዝበንና ከሄግ መዝገብ ቤት የወጣ ታሪክ ጸሐፊ ጀልባ ተሳፍሮ እነሱ ዘንድ ይሂድ፣ ፒሬስንም ይዞላቸው ይሂድና ያንብብላቸው።